ለወይዘሪት ስምንት ጠብታ

ጋሼ ጠብታን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። የእኛን ቤት የስፌት መኪና ሁለት ጊዜ ሠርተውልናል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ያለፈ ወዳጅነት የለንም። የድመታቸውን ነገር ግማሹን የነገረችኝ ከሱቃቸው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሩቡን ራሳቸው ናቸው። የቀረው ሩብ ደግሞ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ የሞላሁት ነው።

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የስፌት መኪና ሲያንቋርር፣ ክር ሲበጥስ፣ መርፌ ሲሰብር ተሸክሞ እሳቸው ዘንድ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፋሉ፤ ጆሯቸውን ወደ መኪናው ያስጠጋሉ፤ ጎማውን በእጃቸው አንድ ዙር ያዞራሉ፤ ከዚያም "አንድ ጠብታ ነው የጎደለው" ይላሉ። እውነትም ብዙውን ጊዜ የጎደለው አንድ ጠብታ ዘይት ነው። ችግሩ ይህች አነጋገር ከመኪና አልፋ ወደ ሌላው ኑሯቸው መግባቷ ነው። በር ሲጢጥ ሲል አንድ ጠብታ ነው የጎደለው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኮራረፍም አንድ ጠብታ ነው የጎደለው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ለሐኪሙ ያሉትም ይህንኑ ነበር። ሐኪሙ ግን አልተስማማም። ደማቸውን አስመርምሮ፣ ቅባት የሚባል ነገር በአፋቸው እንዳይዞር ከለከላቸው።

"የሰውን መኪና ሁሉ ዘይት ሳጠጣ ኖሬ፣ ለእኔ ሲሆን ተከለከለ" ይላሉ ይህን ሲያወሩ።

ሃያ ስድስት ዓመት የልብስ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ሰማንያ መኪና በአራት ረድፍ ተሰልፎ ሲንጫጫ፣ የታመመው የትኛው እንደሆነ ከበሩ ላይ ቆመው በጆሯቸው ይለዩት ነበር። ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጅጌ የሚሰፉ ወጣት ነበሩ፤ መኪናቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታመምባቸዋል። ጋሼ ጠብታ መጥተው ሲፈትሹት ምንም የለውም። ዝም ብሎ መመለስ ደግሞ ስለሚከብዳቸው አንድ ጠብታ ጠብ ያደርጉለታል። በአራተኛው ወር ያ ሁሉ ዘይት በየሸሚዙ እጅጌ ላይ መውጣት ሲጀምርና አለቃው ማጉረምረም ሲያበዛ፣ ሁለቱም ከዚህ ሁሉ መጋባት ይሻላል አሉ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ጋሼ ጠብታ የቤታቸውን የፊት ክፍል ሱቅ አደረጉት። መንገድ ዳር የሚያይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በቁመታቸው የተደረደሩ ካቻቢቴዎች። ከኋላ ወጥ ቤት ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለ ፈቃድ የምትመላለሰው ደግሞ ወይዘሪት ናት፤ ደረቷ ነጭ የሆነ አመድማ ድመት፣ ስትራመድ ልትከራየው የመጣችውን ቤት እያየች የምታማርር የምትመስል። የባለቤታቸው ድመት ናት። ጋሼ ጠብታ ከእሷ ጋር የነበራቸው ግንኙነት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዓይነት ነበር፤ ጠዋት ይተያያሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው።

ይህ የተለወጠው ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብና እናቷ ለሁለት ወር ሊያግዟት ሲሄዱ ነው። ባለቤታቸው ሻንጣቸውን በሩ ላይ አቁመው ተመለሱ።

"አንተስ አፍ አለህ፤ ሲርብህ ትጮሃለህ" አሉ። "እሷን ግን አደራ።"

"እሷስ አፍ የላትም እንዴ? እንዲያውም ከእኔ ትብሳለች።"

"አምና አበቦቼን ትቼልህ ስሄድ ምን አልከኝ? ስመለስ የጠበቀኝ እንጨት ነው።"

"አበባ አይጮህማ!"

"እንግዲህ ይቺ ትጮሃለች። ስመለስ እንደተውኳት ካላገኘኋት፣ ሁለተኛ ነፍስ ያለው ነገር ለአንተ አምኜ አልተውም። የልጅ ልጅህንም እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የምታቅፋት፤ ብቻህን ትቻት ከደጅ አልወጣም። ሰማህ?"

እየሳቁ ነው ያሉት። ጋሼ ጠብታም ሳቁ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ ከፊታቸው ላይ እየደረቀ መጣ። ሴትየዋ በቀልድ የጀመሩትን ነገር በቁም ነገር የሚጨርሱ መሆናቸውን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያቺ ገና ያልተወለደች ልጅ ደግሞ፣ ለማንም አልተናገሩም እንጂ፣ አልጋዋን ሠርተው ጨርሰውላታል፤ በጠረጴዛው ሥር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወይዘሪት ከከረጢቱ የድመት ምግብ በላች። ከረጢቱ ሲያልቅ ጋሼ ጠብታ ቁጭ ብለው አሰቡበት። ያ ደረቅ ፍሬ መቼም ብስኩት እንጂ ምግብ አይባልም። እሳቸው በየቀኑ ለራሳቸው የዶሮ ደረት ይቀቅላሉ፤ ቆዳው ተገፎ፣ ስቡ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ በውሃ ብቻ። ሐኪም ያዘዘው፣ ንጹሕ፣ ጤናማ ምግብ። ለአንድ የሚቀቅል ለሁለትም ይቀቅላል። ለእኔ የሚበጅ እሷን ምን ይጎዳታል ብለው፣ ጨው ብቻ ሳይነካው ለሁለት ማካፈል ጀመሩ። እንዲያውም የምታምረውን ቁራጭ ለእሷ ያደሉ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ወይዘሪት ተጎሳቆለች። አልታመመችም፤ ወዟ ነው የሄደው። ድሮ እጅ የሚያንሸራትተው ጸጉሯ እንደ ጫማ ብሩሽ ቆመ። በቆመችበት ሁሉ ታካለች። ጥቁሩ የሥራ ሽርጣቸው ላይ ተኝታ ስትነሳ ነጭ ፎረፎር ትታ ትሄዳለች።

ልጃቸው በሰላም ወልዳ ነበርና ባለቤታቸው በየማታው ይደውላሉ። ስለ ሕፃኗ ይነግሯቸውና "ወይዘሪትስ?" ይላሉ።

"ደህና ናት።"

"እስቲ በካሜራ አሳየኝ።"

"ካሜራው ተበላሽቷል።"

"አንተ ዘንድ ተቀምጦ የተበላሸ ነገር አለ?"

"መሣሪያው ረቂቅ ነው፤ ካቻቢቴ አይገባበትም።"

በማግስቱ ጋሼ ጠብታ ወይዘሪትን በክር ቅርጫት ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን በቺንጋ አስረው፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሟ ልጃቸውን የምታክል ወጣት ናት። ድመቷን መዘነች፤ ጥርሷን፣ ጆሮዋን አየች፤ ጸጉሯን ገለጥ አድርጋ ቁንጫ ፈለገች፤ የለም።

"ምን እየበላች ነው?"

"እኔ የምበላውን።"

"እርስዎስ ምን ይበላሉ፣ አባባ?"

አባባ ያለቻቸውን ለጊዜው አልፈው፣ የደረቱን አቀቃቀል ከመግፈፉ ጀምረው በኩራት አስረዷት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቅባት የተከለከለው ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

"ታዲያ እሷ ለምን ትቀጣለች?"

ጋሼ ጠብታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። ሐኪሟ ግን ጨካኝ አልነበረችም። ድመት ሥጋ በል እንስሳ መሆኗን፣ ስብ ለእሷ ትርፍ ነገር ሳይሆን ጉልበቷም የቆዳዋ ልስላሴም ከእሱ እንደሆነ፣ ደረት ብቻውን ደግሞ ሙሉ ምግብ እንደማይሆናት በቀስታ ነገረቻቸው። "ወደ ድመት ምግቧ ይመልሷት። ዶሮ ካማራት ከነቆዳው ትንሽ ትቅመስ። ለጸጉሯ የዓሣ ዘይት እሰጥዎታለሁ። በቀን አንዴ ምግቧ ላይ፣ በሁለት ጠብታ ይጀምሩና በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ይጨምሩ። ለእሷ ክብደት ስምንት ይበቃል፤ ከስምንት እንዳያልፉ። ቅቤ የለም፤ የወጥ ቤት ዘይት አይተካውም፤ የዓሣ ጉበት ዘይት የሚባለውም ሌላ ነው፣ እንዳይሳሳቱ።"

"በጠብታ ነው ያልሽኝ?"

"በጠብታ።"

ፊታቸው በራ። ከሐኪም ጋር በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ በሕይወታቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ቤት ሲገቡ የብልቃጡን አፍ አይተው ናቁት፤ አንዴ ሲደፋ ሦስት፣ አንዴ ሲደፋ ምንም። ጠብታ የሚያውቅ ዕቃ እሳቸው ዘንድ አለ። ከሥራ ቆርቆሯቸው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ አፈ ረጅም አዲስ የዘይት ቆርቆሮ ነበራቸውና በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው የዓሣ ዘይቱን ሞሉበት። የሥራው ቆርቆሮ አንገት ላይ ሁልጊዜ ቀይ ክር ይታሰራል፤ በእሳቸው ሱቅ ቀይ ክር ማለት ንጹሑና ምርጡ ዘይት ይህ ነው ማለት ነው። አሁን ምርጡ የማን ነው? የወይዘሪት። ክሩን ፈቱና የዓሣው ቆርቆሮ አንገት ላይ አሰሩት። ይህን የወሰነው ጭንቅላታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቀይ ክር ሲያነሳ ለኖረው እጃቸው ግን የነገረው የለም።

መጀመሪያ ላይ ያጠፉት ሌላ ጥፋት ነበር። የስፌት መኪና ዘይት እንደጠጣ ወዲያው ድምፁ ይለወጣል። ወይዘሪት በአራተኛው ቀን ምንም ስላልተለወጠች ትዕግሥታቸው አለቀና አሥር ጠብታ ሰጧት። መኪና ዘይት ሲበዛበት በታች ያንጠባጥባል። ወይዘሪትም አላሳፈረቻቸውም፤ ባለቤታቸው የሚሳሱለት ምንጣፍ ላይ፣ ልክ መሐሉን መርጣ።

"ስንት ሰጧት?" አለች ሐኪሟ በስልክ።

"ትንሽ ጨመር አድርጌ ነበር።"

"አባባ።"

"አሥር።"

ዘይቱ ለሦስት ቀን ቆመ፤ ሆዷ ሲመለስ እንደገና ከሁለት ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ጋሼ ጠብታ ሐኪሟ ካለችው ውልፍት አላሉም። ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ያንጠባጥባሉ። ምንጣፉን ሦስት ጊዜ አጠቡት። ወይዘሪትም ስምንት ጠብታ ላይ ስትደርስ ማከኳን ተወች፤ ፎረፎሩ ጠፋ፤ ጸጉሯ ተኛ፤ መስኮቱ ላይ ስትቀመጥ ፀሐዩ ጀርባዋ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ጋሼ ጠብታ ለደንበኛ ሁሉ "እስቲ ዳብሳት" ማለት አመጡ። ባለቤታቸው ቅዳሜ ሊገቡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ነገሩ ሁሉ በጋሼ ጠብታ እጅ ገባ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ከበሯ ላይ ተጣራች። የሙሽራ ቀሚስ ይዛ መኪናዋ ደርቆባታል። ጋሼ ጠብታ ቦርሳቸውን አፈፍ አድርገው ከፈቱ፤ ያገኙት ቆርቆሮ ክር የለውም። ክር የሌለው ምርጡ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ የድመቷ መሆን አለበት፤ ምን ሊያደርግ ቦርሳ ውስጥ ገባ? ወጥ ቤት ገብተው የድመቷ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡትና ከጎኑ ያለውን ባለ ቀይ ክሩን ይዘው ተሻገሩ። ሽታው አልነገራቸውም። ሳምንታት ከዓሣ ዘይት ጋር የኖረ አፍንጫ ምን ይለያል? መኪናውን በየቀዳዳው አጠጡት፤ በአሮጌ ጨርቅ ላይ አስሮጡት፤ እንደ ንብ እምም አለ። ልብስ ሰፊዋ መረቀቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሪት ሳህኗን አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

"ምነው? ጠገብሽ?" አሏት። ምግቡን ለወጡ፤ እንደገና ስምንት ጠብታ። አሸተተች፤ እንደ ተሰደበች ሴት ጅራቷን ቀስራ ወጣች። ማታም እንዲሁ። "ባለቤትሽ ልትመጣ ነው ብለሽ ነው አይደል የኮራሽብኝ?" አሉና ሳህኑን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉት። ዓርብ ጠዋት ሳህኑ ያው ነው፤ ወይዘሪትም የለችም።

ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

"ጋሼ፣ የድመት ዕዳ አለብኝ እንዴ?"

"ምን ሆንሽ?"

"ከትናንት ጀምሮ በሬ ላይ አራት ድመት ተደርድሯል። ብል ብሠራ፣ ውሃ ብረጭ አይሄዱም። ሙሽራዋ ልትለካ መጥታ ‹ቤትሽ ምን ሸተተኝ› ብላ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። የእርስዎዋ ወይዘሪትማ ብሳለች! ደጅ አልቆም ብላ ገብታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥታ፣ መኪናዬን ቁጭ ብላ እየላሰችልኝ ነው!"

ጋሼ ጠብታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "መኪና ልሳ? እኔ ያሳደግኳት ልጅ እኮ ናት! ሙያ ልትማር ነዋ!" እያሉ ተከትለዋት ተሻገሩ። ወይዘሪት እውነትም እዚያ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ የመኪናውን ክንድ ከላይ እስከ ታች በዘዴ ትልሳለች። ጋሼ ጠብታ ጣታቸውን ዘይቱ ላይ ነካ አድርገው ወደ ምላሳቸው ወሰዱት። በዓመት ውስጥ የቀመሱት የመጀመሪያ ቅባት ነው። ዓሣ ነው።

አሁንም ሊስቁ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን እንደገና ቀመሱ። የድመቷ ዘይት መኪናው ውስጥ ከሆነ፣ የመኪናው ዘይት የት ነው ያለው?

ወይዘሪትን ከጠረጴዛው ላይ መንጥቀው፣ በብብታቸው ሥር አድርገው፣ መንገዱን ቀኝና ግራ ሳያዩ ሮጡ። ሳህኑ ፊት ተንበረከኩ። የሐኪሟን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳቱት።

"የስፌት መኪና ዘይት" አሉ፤ አባባ እስክትላቸው አልጠበቁም። "ስምንት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ስምንት። ገደልኳት፣ ዶክተር።"

"ይረጋጉ። በልታዋለች?"

"አላውቅም።"

"ሳህኑን ይዩት።"

አዩት። ምግቡ እንደተቆለለ ነው። ዘይቱ በላዩ ተንሳፍፎ ያበራል፤ የምላስ ምልክት የለበትም። አፏን ከፍተው አሸተቱ፤ ጺሟን በነጭ ጨርቅ ጠረጉ፤ ዓሣ ብቻ ነው።

"አልነካችውም" አሉ። ጨርቁን ደግመው አሸተቱት። "ጎበዝ፤ ብዪ ብዬ ስቆጣት አልነካችውም።"

"እሷ ከእርስዎ ትሻላለች" አለች ሐኪሟ። "ያንን ይድፉት፣ ሳህኑን በሳሙና ይጠቡ። ዛሬ ምንም ዘይት የለም። ካሳላት ወይም ካስመለሳት ወዲያው ይዘዋት ይምጡ።"

አላሳላትም፤ አላስመለሳትም። ያለ ምንም ጠብታ የቀረበላትን ጠርጋ በላች። ጋሼ ጠብታ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳሉ እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ተሻግረው፣ ለልብስ ሰፊዋ እንዳለ ተናዘዙላት። ከሳቋ ስትመለስ መኪናውን ብሎን በብሎን ፈትተው በነጭ ጋዝ አጥበው መልሰው ገጠሙት። ቀሚሱ ሽታ እንጂ ጠብታ አልደረሰበትም ነበርና መስኮት ላይ ተሰቅሎ ንፋስ መታው። ማታ ስልኩ ሲጠራ ድምፃቸውን አስተካክለው አነሱት። "ደህና ናት" አሉ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባለቤታቸው ገቡ። ከሰላምታው በኋላ ሻንጣው ሳይከፈት ወይዘሪትን አንስተው ወደ መስኮቱ ወሰዷት። የእጅጌ ስፌት እንደሚመረምር ሰው ጸጉሯን በጣታቸው ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያስተኙ፣ ብርሃን ላይ እያዟዟሩ አዩዋት።

"ትቻት ስሄድ እንዲህ አታበራም ነበር" አሉ።

"የዓሣ ዘይት ነው" አሉ ጋሼ ጠብታ፤ ደስታው አምልጧቸው ነው። "በቀን ስምንት ጠብታ። ሐኪም ያዘዘው።"

"ሐኪም?" ባለቤታቸው ድመቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። "ለደህና ድመት ሐኪም ምን ይሠራል?"

ጋሼ ጠብታ አንድ ካቻቢቴ አንስተው ቦታውን ለወጡለት፤ መልሰው ወደ ቦታው አስቀመጡት።

"የልጃችን ሥራ ወደዚህ ከተማ ተዛውሯል፤ በሚቀጥለው ወር ትጀምራለች" አሉ ባለቤታቸው። "ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች፤ ትንሿ ቀን ቀን እኛ ጋ ናት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት አልውልም። ስለዚህ ሕፃኗን ለአንተ ትቼ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አልቆጣም። በየማታው ‹ደህና ናት› ስትለኝ፣ ስንቱን ቀን ነው ደህና የነበረችው?"

ጋሼ ጠብታ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ዓይናቸው ላይ አድርገውት ሚስታቸውን አዩ፤ ድመቷንም አዩ።

"ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ" አሉ። "ይሄኛውን ግን አልመልስም።"